የሚሮጥና የሚያድን ውሻ እንዴት ይመገባል? መጠኑ፣ ሰዓቱና ውሃው

ቀኑን ሙሉ ሲሮጥ የሚውል ውሻና ደጃፍ ላይ ተኝቶ የሚውል ውሻ በሚዛን እኩል ቢሆኑም ድርሻቸው እኩል አይደለም። ይህን ብዙ ሰው ያውቃል። የሚስተው ሰዓቱን ነው፤ ለሥራ ሊወጣ ያለን ውሻ "አቅም ይሁነው" ብሎ ጠዋት ሆዱን መሙላት ከሁሉም የከፋው ስሕተት ነው።

መጀመሪያ ውሻውን በእጅ ይዳስሱ። አንድ እጅዎን ዘርግተው በሌላኛው ጣቶችዎ የእጅዎን ጀርባ ይንኩ፤ ከቆዳው ሥር አጥንቱ በቀላሉ ይታወቅዎታል። የውሻው ጎድን እንዲሁ ሊዳሰስ ይገባል። የተጨበጠ እጅ አንጓ ያህል ከሾለ ከስቷል። መዳፍ እንደመንካት ከለሰለሰና አጥንቱን ለማግኘት መጫን ካስፈለገ ወፍሯል። ጸጉረ አጭር የሥራ ውሻ የመጨረሻዎቹ አንድ ሁለት ጎድኖቹ ቢታዩ አያሳስብም።

ቀጥሎ ሒሳቡ ነው። 25 ኪሎ የሚመዝን ውሻ እንውሰድ። በስልክዎ ማስያ ላይ 25 × 25 × 25 ያባዙ፣ 15,625 ይመጣል። የ√ ምልክቱን ሁለት ጊዜ ይጫኑ፤ መጀመሪያ 125፣ ከዚያ 11.18 ያገኛሉ። ይህን በ70 ሲያባዙ 783 ገደማ ይሆናል። ውሻው ምንም ሳይሠራ ተኝቶ ቢውል በቀን የሚያስፈልገው ኪሎ ካሎሪ ይህ ነው። ለዕረፍት ቀን በ1.6፣ ለቀላል ሥራ በ2፣ አብዛኛውን ቀን ለሚሮጥበት ጊዜ በ3 ያባዙት። 100 ግራሙ 400 ኪሎ ካሎሪ የሚሰጥ ደረቅ ምግብ ከሆነ፣ እንደ ቅደም ተከተላቸው 310፣ 390 እና 590 ግራም አካባቢ ይመጣል።

ግራሙን በኩባያ ሳይሆን በወጥ ቤት ሚዛን ይለኩ። ከአንዱ ምግብ ወደ ሌላው ሲዞሩ የአንድ ኩባያ ክብደትም ካሎሪም ይለያያልና ኩባያ ያታልላል። ቁጥሩም መነሻ እንጂ ሕግ አይደለም፤ ብርድ፣ ዕድሜና የውሻው ጠባይ ይለውጡታል። በየሳምንቱ መዝነውና ዳስሰው ከከሳ 10 በመቶ ይጨምሩ፣ ከወፈረ ያንኑ ያህል ይቀንሱ።

ምግቡን ሲመርጡ መለያው ላይ ፕሮቲንና ስብ የሚለውን ያንብቡ። ረጅም ሰዓት ለሚሠራ ውሻ 26 በመቶ ወይም ከዚያ በላይ ፕሮቲን፣ ከ16 እስከ 20 በመቶ ስብ ጥሩ መነሻ ነው። ውሻ ከሰው ይልቅ በስብ የመሮጥ ችሎታ አለው፤ ስብ ደግሞ ግራም ለግራም ከካርቦሃይድሬት ከእጥፍ በላይ ኃይል ይሰጣል። እንደ ግሬይሃውንድ ለሰከንዶች ብቻ በሙሉ ፍጥነት የሚፈተለክ ውሻ ግን ካርቦሃይድሬትም በበቂ ይፈልጋል።

ጡንቻ ስብን በደንብ መጠቀም እስኪለምድ ስድስት ሳምንት ገደማ ይወስዳልና ምግቡን የአደን ወይም የውድድር ወቅት ከመድረሱ አስቀድመው ይቀይሩ። ከ7 እስከ 10 ቀን አዲሱን ሩብ፣ ግማሽ፣ ሦስት ሩብ እያደረጉ ከቀድሞው ጋር ያደባልቁ። ስብ በድንገት ሲበዛ ተቅማጥ ይከተላል፤ አንዳንዱንም ውሻ ለቆሽት መቆጣት ይዳርጋል።

አሁን ወደ ሰዓቱ። ዋናውን ምግብ ማታ፣ ከሥራ በኋላ ይስጡ። ጠዋት የግድ ከሆነ ከድርሻው ሩብ ያህሉን ብቻ፣ ሥራ ከመጀመሩ ቢያንስ 4 ሰዓት ቀደም ብለው ያቅርቡ። ከጥጋብ በኋላ ኢንሱሊን የተባለው የደም ስኳር ተቆጣጣሪ ሆርሞን ከፍ ስለሚል ሰውነቱ ያከማቸውን ስብ ለኃይል ማውጣቱን ይቀንሳል፤ አንጀቱም በሰገራ ተሞልቶ ይከብደዋል። ማታም ማለክለኩ እስኪያቆም፣ ቢያንስ አንድ ሰዓት፣ ይጠብቁ። ደረቱ ጥልቅ የሆነ ውሻ ጨጓራው ሊነፋና ሊጠማዘዝ ይችላል። ሆዱ ከተወጠረ፣ ምራቁ ከተዝረከረከ፣ ለማስመለስ እየታገለ ምንም ካልወጣው፣ ሳይነጋ ይሻለው ይሆናል ብለው አይጠብቁ። ወዲያው ወደ እንስሳት ሐኪም ይውሰዱት፤ በሰዓታት ውስጥ ይገድላል።

ሥራው ከረዘመ በየዕረፍቱ ትንሽ ትንሽ ያቅምሱት። እግሩ ከተወላገደና ከተንቀጠቀጠ የደም ስኳሩ ወርዶ ይሆናልና ሥራውን ያቁሙ፤ ድዱን ማር ቀብተው ወደ ሐኪም ይውሰዱት። ራሱን ከሳተ በአፉ ምንም አያፍስሱ።

ውሃ ከምግብ ይቀድማል። በዕረፍት ቀን በኪሎ ከ50 እስከ 60 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም ለ25 ኪሎው ውሻ እስከ 1.5 ሊትር ይበቃል፤ በሥራ ቀን እጥፍና ከዚያም በላይ ሊጠጣ ይችላል። በሙቀት ጊዜ በየ15 እና 20 ደቂቃው ጥቂት ጥቂት ያጠጡት። በጣትዎ ድዱን ሲነኩ ከመርጠብ ይልቅ ከተጣበቀ ውሃ አንሶታል። ለሰው የተሠራ የስፖርት መጠጥ አያስፈልገውም፤ ውሻ ሙቀቱን የሚያወጣው በማለክለክ ስለሆነ የሚያጣው በአመዛኙ ውሃ እንጂ ጨው አይደለም። ውሃ ለማይጠጣ ውሻ ጥቂት የሥጋ መረቅ ጠብ ማድረግ ይረዳል፤ መረቁ ሽንኩርት ያልገባበት ይሁን።

የተሟላ የውሻ ምግብ የሚበላ ከሆነ ካልሲየምና ቫይታሚን አይደርቡለት፤ ይጎዳዋል። በተቃራኒው ሥጋ ብቻ መስጠት ካልሲየም ያሳጣል፤ ቤት ውስጥ የሚያዘጋጁ ከሆነ ቀመሩን ከሐኪም ጋር ይሥሩ። ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ወይንና ዘቢብ፣ ቸኮላት፣ ዛይሊቶል የተባለ ማጣፈጫ ያለበት ማስቲካ ፈጽሞ አይቅመስ። የበሰለ አጥንትም ተሰንጥቆ አንጀት ይበሳል።

ወቅቱ ሲያልቅ ድርሻውን በአንድ ጊዜ አይቁረጡ፤ በአንድ ሁለት ሳምንት እያወረዱ ከ590 ወደ 390፣ ከዚያ ወደ 310 ግራም ያድርሱት፤ በየሳምንቱም ጎድኑን መዳሰስዎን ይቀጥሉ።