ፖሎኒየሙ ከብር ዲስኩ ላይ አልለጠፍ ሲለኝ

ለሁለት ሳምንት እንቅልፍ የነሣኝ ችግር በአንድ ቁንጥር ነጭ ዱቄት ተፈታ። እንደ እኔ ለተቸገረ ሰው ይጠቅማልና ልጻፈው።

ሥራዬ ከቀይ አፈር ውስጥ ፖሎኒየም 210 የተባለውን ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር ለይቶ መለካት ነበር። ዘዴው ውብ ነው። አፈሩ በአሲድ ከሟሟ በኋላ 0.5 ሞላር በሆነ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ውስጥ ክብ የብር ዲስክ ይጠለቃል፤ ፈሳሹ 85 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ሞቆ ለጥቂት ሰዓታት ሲማሰል፣ ፖሎኒየሙ ያለ ምንም ኤሌክትሪክ በራሱ ብሩ ላይ ይለጠፋል። የእኔ ዲስክ ግን ጠቁሮና ተበልቶ ይወጣ ነበር። ለማመሳከሪያ መጠኑን አውቄ ከጨመርኩት ሌላ የፖሎኒየም ዓይነት፣ ከፖሎኒየም 209፣ እንኳ ሩቡ አልተገኘም።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት ሙቀቱን ነው፤ ፖሎኒየም ተናኝ በመሆኑ ናሙናውን አጥብቆ ማድረቅ ያባክነዋል። ምድጃውን ዝቅ አደረግሁ፤ ለውጥ የለም ማለት ይቻላል።

ጥፋተኛው ብረት ነበር! አፈሩን ያቀላው ባለ ሦስት ቻርጅ ብረት፣ ብሩን እየበላ የፖሎኒየሙን መለጠፍ ያውካል። ዲስኩን ከማስገባቴ በፊት አስኮርቢክ አሲድ፣ ማለትም ቫይታሚን ሲ፣ የፈሳሹ ቢጫነት እስኪጠፋ ድረስ ጨመርኩ። ብረቱ ወደ ባለ ሁለት ቻርጅ ተለውጦ አደብ ገዛ፤ ዲስኩም ንጹሕ ሆኖ ወጣ። የአልፋ ጨረርን ጉልበት በሚለካው መሣሪያ ላይ በ4.88 (የፖሎኒየም 209) እና በ5.30 (የፖሎኒየም 210) ሜጋ ኤሌክትሮን ቮልት ሁለት ጥርት ያሉ ጫፎች ሳይ የተሰማኝን ደስታ አልረሳውም።

ፖሎኒየም 210 በ138 ቀን ገደማ በግማሽ ስለሚቀንስ፣ ዲስኩ የወጣበትን ቀን ወዲያውኑ መዝግቡ።