ቁልቁለቱን በትከሻ የሚወርድ ጄኔሬተር

ጅማ አካባቢ ለሚኖር አንድ የቡና ገበሬ መጀመሪያ የሠራሁለት በወንዝ ውሃ የሚዞር ጄኔሬተር ከአሮጌ የፋብሪካ ሞተር የተለወጠ ነበር። የመኪናው መንገድ ከወንዙ ርቆ ያልቃል፤ የቀረውን ቁልቁለት አራት ሆነን እንደ ታማሚ በቃሬዛ አወረድነው። ሁለተኛውን ስነድፍ ወረቀቱ ላይ ከቮልቱ በፊት የጻፍኩት ኪሎውን ነው።

ክብደቱ ያለው ብረቱ ላይ ነው። ስለዚህ ከስታተሩ፣ ማለትም ጥቅሎቹን ከያዘው ከማይዞረው ክፍል፣ ብረቱን ጨርሳችሁ አውጡ። የመዳብ ጥቅሎቹ በረዚን (ፈስሶ በሚጠነክር ሙጫ) ብቻ ተይዘው መሐል ይቁሙ፤ ግራና ቀኛቸው ማግኔት የተለጠፈባቸው ሁለት ዲስኮች ይዙሩ። ማግኔቶቹን የሚስብ ብረት ስለሌለ ዲስኮቹ በደካማ ውሃም ሳይንገጫገጩ ይነሳሉ።

የእኔ ዲስክ 30 ሴንቲ ሜትር ነው። በእያንዳንዱ ላይ 46 በ30 በ10 ሚሊ ሜትር የሆኑ 12 የኒዮዲሚየም ማግኔቶች፣ ሰሜንና ደቡብ እየተፈራረቁ ይደረደራሉ፤ በክፍተቱ ፊት ለፊት የሚተያዩት ተቃራኒ ዋልታ ይሁኑ።

የዲስኩን ውፍረት ብዙ ሰው በግምት 10 ሚሊ ሜትር ያደርገዋል። አንዱ ብቻ 5.5 ኪሎ! ከመቁረጣችሁ በፊት አስሉት። የማግኔቱ መስክ ከጀርባው ባለው ብረት ውስጥ ለሁለት ተከፍሎ ወደ ግራና ቀኝ ጎረቤቶቹ ይሄዳል። የማግኔቱ ስፋት ግማሽ 15 ሚሊ ሜትር፣ በክፍተቱ ያለው መስክ 0.6 ቴስላ (የመስክ ጥንካሬ መለኪያ ነው) ገደማ፣ ብረቱ ሳይጠግብ የሚሸከመው 1.5 ቴስላ ነው። 15 በ0.6 ተባዝቶ ለ1.5 ሲካፈል 6 ሚሊ ሜትር ይመጣል። ነገር ግን ሁለቱ ዲስኮች ከ200 ኪሎ በላይ በሆነ ጉልበት ስለሚሳሳቡ 6 ይጎብጥብኛል ብዬ 8 እወስዳለሁ። ከዚያ ከማግኔቶቹ ወደ ውስጥ ባለው ሥራ ፈት ቦታ ላይ አራት የ50 ሚሊ ሜትር ቀዳዳዎች ቶርኖ ቤት አስበሳለሁ። ከሁለቱ ዲስኮች 1 ኪሎ ይቀንሳል። የተለጠፈውን ዲስክ ከሌላው ጋር ከገጠማችሁ በኋላ ጀርባው ላይ ሚስማር አስጠጉ፤ አጥብቆ ከያዘው ብረቱ ጠግቦ መስኩ እያመለጠ ነው።

ሁለተኛውን ዲስክ በእጅ ለመግጠም አትሞክሩ። ሦስት ረጃጅም ብሎኖች ላይ አስቀምጣችሁ ዳዶውን በየተራ ሩብ ሩብ ዙር እየፈታችሁ አውርዱት። የግራ እጄ ሌባ ጣት ጥፍር ስለዚህ ጉዳይ የራሱ ታሪክ አለው።

ስታተሩ 13 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያላቸው 9 ጥቅሎች አሉት፤ በየጎኑ 1.5 ሚሊ ሜትር ክፍተት ይቀራል። ሽቦው በቀጥታ ማግኔቱ ፊት ስለሚውል ወፍራም ሽቦ በራሱ ውስጥ በሚፈጠር ሽክርክሪት ጅረት ይሞቃል፤ ሁለት የ1 ሚሊ ሜትር ሽቦዎችን አብራችሁ ጠቅልሉ። በደቂቃ 300 ዙር ሲዞር አንድ የሽቦ ዙር 0.1 ቮልት ያህል ይሰጣል። 50 ዙር ያለው ጥቅል 5 ቮልት፣ ሦስት ጥቅል በተከታታይ 15 ቮልት ማለት ነው። ሦስት ሦስት ጥቅል የያዙት ሦስቱ ፌዞች (መስመሮች) በኮከብ፣ ማለትም አንድ አንድ ጫፋቸው አንድ ላይ ታስረው፣ ጅረትን በአንድ አቅጣጫ ብቻ በሚያሳልፉ ስድስት ዳዮዶች ሲያልፉ ያለ ጭነት 35 ቮልት ገደማ ይሆናል። ብዙ መስሎ ይታያል፤ 10 አምፔር ሲሳብ ግን ሽቦውና ዳዮዱ የድርሻቸውን ወስደው ለ24 ቮልት ባትሪ የሚበቃው ይቀራል። ሙቀቱን ተከታተሉ፤ ተራ ኒዮዲሚየም ከ80 ዲግሪ ካለፈ ጉልበቱን ማጣት ይጀምራል። እርጥበትም ስለሚበላው ማግኔቶቹን በረዚን ሸፍኑ።

ረዚኑን ከማፍሰሳችሁ በፊት ጥቅሎቹን ጣውላ ላይ አስራችሁ ዲስኮቹን እያዞራችሁ እያንዳንዱን ፌዝ በቴስተር ለኩ። እኔ ቸኩዬ አፈሰስኩ። በማግስቱ ሁለቱ ፌዞች 15፣ ሦስተኛው 5 ቮልት አሳየኝ። አንዱን ጥቅል ገልብጬ ስላሰርኩት የጓደኛውን 5 ቮልት ይበላ ነበር፤ መጋጠሚያው ደግሞ እንደ ድንጋይ በጠነከረው ረዚን ውስጥ ነው። ስታተሩን ጣልኩት። አሁን የጥቅሎቹን 18 ጫፎች በሙሉ ወደ ውጭ አወጣለሁ፤ ሁሉንም ነገር ከነኩሽኔታው ስመዝነው 16 ኪሎ ገደማ ነው፣ ገበሬው ብቻውን ተሸክሞት ወረደ።