ትምህርቱ ከሱቁ ጥያቄ ይጀምር፦ ለሐዋሳ አነስተኛ ነጋዴዎች

በሐዋሳ ፒያሳ፣ በመናኸሪያ ወይም በአቶቴ አነስተኛ ንግድ የሚያንቀሳቅስ ሰው መማርን አይጠላም። የሚያሰለቸው፣ ቀኑን ሙሉ ቆሞ ደንበኛ ሲያስተናግድ ከዋለ በኋላ ከሱቁ ጉዳይ ጋር የማይገናኝ ትምህርት እንዲከታተል መጠየቁ ነው። ስለዚህ መማር እንዲጥመው የሚፈልግ ነጋዴ ከሥልጠና ርእስ ሳይሆን ሰሞኑን እንቅልፍ ከነሳው ጥያቄ ይነሣ፤ ጥያቄውም መልሱ በዚያው ሳምንት በራሱ ሱቅ ሊፈተን የሚችል ይሁን።

ጁስ ቤት ያላትን አንዲት ነጋዴ እንውሰድ። ደንበኛ ሳይጠፋ ማታ እጇ ላይ የሚቀረው ገንዘብ ለምን እንደሚያንስ ማወቅ ከፈለገች፣ ስለ ወጪ አያያዝ ወፍራም መጽሐፍ መግለጥ አያሻትም። ጠዋት የገባውን አቮካዶ ትመዝነው፤ ተልጦ ዘሩ ከወጣ በኋላም የቀረውን እንደገና ትመዝነው። 10 ኪሎ በ600 ብር ተገዝቶ ለጁስ የሚሆነው 7 ኪሎ ብቻ ነው እንበል፤ እንግዲያስ አንዱ ኪሎ የፈጀባት 60 ብር ሳይሆን 86 ብር ገደማ ነው። በዚህ ላይ ስኳሩን፣ መብራቱን፣ የሠራተኛ ደመወዙንና የቤት ኪራዩን ለየብርጭቆው ስታካፍል፣ አንዱ ብርጭቆ ምን ያህል እንደሚያስወጣት ከግምት ወጥታ በቁጥር ታውቀዋለች። በማግስቱ ከሌላ አቅራቢ በገዛችው አቮካዶ ያንኑ ሒሳብ ብትደግመው የትኛው እንደሚያዋጣት ይገለጥላታል። የመማር ደስታ፣ በእኔ እምነት፣ እዚህ ላይ ነው ያለው፤ የተማረችውን በዚያው ቀን ከሚዛኑና ከመሳቢያዋ ታየዋለችና።

ሰዓቱን የሚወስነው የገበያው ጠባይ ነው። ቁርስ ቤት ጠዋት ፋታ የለውም፤ ፔንሲዮን ያለው ሰውም የታኅሣሥ 19 እና የሐምሌ 19 የቅዱስ ገብርኤል በዓል ከተማዋን በእንግዳ ሲሞላት ስለ ትምህርት ሊያስብ አይችልም፤ ገበያው ቀዝቀዝ የሚልበትን ሰዓትና ወቅት ግን ሁለቱም ያውቁታል። በዚያን ጊዜ በየቀኑ ሃያ ደቂቃ መመደብ፣ እሑድን ሙሉ ደብተር ላይ ተደፍቶ ከመዋል ይበልጣል። ጀርመናዊው የሥነ ልቡና ተመራማሪ ኸርማን ኤቢንግሃውስ እ.ኤ.አ. በ1885 ባሳተመው ጥናት፣ ሰው አዲስ የያዘውን ነገር ፈጥኖ እንደሚረሳና ተከፋፍሎ የሚደገም ትምህርት በአንድ ጊዜ ከሚታጨቀው የተሻለ እንደሚቆይ አሳይቷል።

ብቻውን የሚማር ነጋዴ ቶሎ ይታክታል። አዲስ ማኅበር ማቋቋም ግን አያስፈልግም፤ እቁቡ አለ። ዕጣው ከወጣ በኋላ ሰው ከመበተኑ በፊት አንድ አባል በሳምንቱ የሞከረውን ነገር ውጤቱ ያማረም ይሁን ያልቀናው፣ ይናገር። የሥራ ዘርፉ ሲለያይ ምስጢር መደበቁ ይቀንሳል፤ ልብስ ሰፊው፣ በአሞራ ገደል ዓሣ የምትሸጠዋን እናት ያልተሸጠውን ቆሮሶ ከሰዓት በኋላ በምን ዋጋ እንደምትለቀው ቢጠይቃት፣ መደርደሪያ ላይ ለከረመ ልብስ ቅናሽ መቼ ማድረግ እንደሚገባው ከእርሷ ሊማር ይችላል። ዳኛው ጨዋታው ወደ ሐሜት እንዳይሄድ ቢጠብቅ መልካም ነው።

ሳይከፈልበት የሚገኝ ሌላም ትምህርት አለ። ሲዳምኛ የማይችል ነጋዴ ሰላምታውን፣ ቁጥሩንና የሚሸጣቸውን ዕቃዎች ስም ከደንበኞቹ እየጠየቀ ቢማር፣ ደንበኛው ራሱ መምህር ሆኖ ፊቱ ሲፈታ ያያል። ሲሳሳት ቢስቁበት አይከፋ፤ በማግስቱም የያዘውን ቃል ዋጋ ሲናገር ይጠቀምበት።

በሚሞከረው ነገር ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ዋጋን፣ የዕቃ አደራደርንና አቅራቢን በአንድ ሳምንት የለወጠ ሰው፣ ሽያጩ ቢጨምር የትኛው እንደጠቀመው አያውቅም፤ ስለዚህ አንዱን ብቻ ለውጦ፣ የቀድሞውንና የአሁኑን ሽያጭ በአንድ ገጽ ላይ ጎን ለጎን ይጻፍ። ሠራተኞቹም ጽሑፉን ይዩት፤ ደንበኛው ምን ብሎ እንደሄደ ብዙ ጊዜ የሚሰሙት እነርሱ ናቸው።

ከመንግሥት መሥሪያ ቤት ወይም ከባንክ የሥልጠና ጥሪ ሲመጣም ይህንኑ ገጽ ይዞ መሄድና በዕረፍት ሰዓት አሠልጣኙን ስለ ራስ ቁጥር መጠየቅ ይገባል።