የአባላት መዝገብ ሲዘጋጅ፦ «አንተ»፣ «አንቺ» ወይስ «እርስዎ»?

በአዲስ አበባ ምሥራቃዊ ዳርቻ፣ በየካ አባዶ የጋራ መኖሪያ ቤቶች የሚገኝ የአንድ እድር የአባላት መዝገብ ከደብተር ወደ ኮምፒውተር የተሸጋገረው በእኔ እጅ ነው። በደብተሩ ላይ «ጾታ» የሚል ዓምድ አልነበረም፤ ጸሐፊው አባላቱን ሁሉ በመልክ ስለሚያውቃቸው አላስፈለገውም። እኔ ግን የወር መዋጮ ማስታወሻ በአጭር የጽሑፍ መልእክት መላክ ስጀምር ግሡን ወይ በወንድ ወይ በሴት መዝጋት ግድ ስለሆነብኝ፣ ዓምዱን ከስም እየገመትሁ ሞላሁት። ሲሳይ የሚባሉ የሰባ ዓመት እናት «መዋጮህን አልከፈልክም» የሚል መልእክት ደረሳቸው። ስልካቸውን ይዘው መጡና «ልጄ፣ ወንድ ማድረግህስ ይሁን፤ አንተ ማለትህ ግን ከየት የመጣ ነው?» አሉኝ። ከዚያ ቀን በኋላ መዝገቡን እንደ አዲስ ያዋቀርሁበትን መንገድ፣ የእድር፣ የቁጠባ ማኅበር ወይም የትምህርት ቤት ዝርዝር ለሚይዝ ሁሉ ይጠቅም እንደሆነ እዚህ አስፍሬዋለሁ።

የእናታችን ወቀሳ ሁለት ነገሮችን ለይቶ አሳይቶኛል። አንዱ ሰውየው ወንድ ነው ወይስ ሴት የሚለው ነው፤ ሌላው እንዴት ሊጠራ ይገባዋል የሚለው ነው። የመዝገብ አዘጋጆች ሁለተኛውን ለማወቅ የመጀመሪያውን ይጠይቃሉ፤ ስሕተቱም የሚጀምረው ከዚህ ነው።

ልማዱ ከየት እንደመጣ ማወቅ ይረዳል። በእንግሊዝኛ ጾታ የሚታየው በሦስተኛው መደብ ተውላጠ ስም ብቻ ስለሆነ፣ ትልልቆቹ የማኅበራዊ መገናኛ ድረ ገጾች ጉዳዩን በአንዲት ሣጥን ሊጨርሱት ችለዋል። ፌስቡክ እ.ኤ.አ. በ2014 ተጠቃሚው ከወንዱና ከሴቷ ተውላጠ ስም ሌላ የብዙ ቁጥሩን እንዲመርጥ ፈቀደ፤ ኢንስታግራም በ2021 እስከ አራት ተውላጠ ስሞች የሚቀመጡበትን ቦታ በመገለጫ ገጽ ላይ ጨመረ። አማርኛ ግን ተውላጠ ስሙን ቢያስቀር እንኳ ጾታው በግሡ መጨረሻ፣ በባለቤትነት ቅጥያውና በተሳቢው ላይ ይታያል። «ደርሶሃል» ስንል «አንተ» የሚለውን ቃል ሳንጽፈው ተናግረነዋል። እንግሊዝኛው ለአንድ ሰው የሚጠቀምበትን የብዙ ቁጥር ቃል «እነርሱ» ብለን ብንገለብጠው ደግሞ አንባቢው ስንት ሰዎች ናቸው ብሎ ይጠይቃል። የእኛ ቋንቋ ለዚህ የሚሆን ቃል ከጥንት አለው፤ «እርስዎ» እና «እርሳቸው» ወንድና ሴትን አይለዩም።

መዝገቡን ማዋቀር

በመጀመሪያ «ጾታ» የሚለውን ዓምድ በእርግጥ ትፈልጉት እንደሆነ መርምሩ። ሪፖርት የሚቀበላችሁ አካል የወንድና የሴት ቁጥር የሚጠይቅ ከሆነ አቆዩት፤ የሚጠይቅ ከሌለ አውጡት። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 መረጃ ለታወቀ ዓላማና ለዓላማው በሚያስፈልገው መጠን ብቻ እንዲሰበሰብ ያዛል፤ «ቅጹ ላይ ከድሮም ስለነበረ» የሚለው ዓላማ አይደለም። ዓምዱ የሚቆይ ከሆነ አይ ኤስ ኦ 5218 በሚባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ የተቀመጡትን አራት ቁጥሮች መጠቀም ይቻላል፦ 0 ላልታወቀ፣ 1 ለወንድ፣ 2 ለሴት፣ 9 ጉዳዩ ለማይመለከተው። ደረጃው ራሱ 1 እና 2 ቅደም ተከተልን እንደማያመለክቱ ይገልጻል። በ0 እና በ9 መካከል ያለውን ልዩነት ግን ብዙ ሰው ያምታታዋል። 9 የሚሆነው ተመዝጋቢው ሰው ሳይሆን ድርጅት ወይም ቤተሰብ ሲሆን ነው፤ መናገር ያልፈለገ ሰው 9 አይደለም።

ቀጥሎ «አጠራር» የሚል ሌላ ዓምድ ክፈቱ፤ ከጾታው ዓምድ ጋርም በምንም ቀመር አታያይዙት። የሚቀበላቸው ዋጋዎች አራት ናቸው፦ እርስዎ፣ አንተ፣ አንቺ፣ እናንተ። የመነሻ ዋጋው «እርስዎ» ይሁን፣ በምርጫው ዝርዝር ላይም ቀድሞ ይቀመጥ። አባሉ እንደፈለገ የሚጽፍበት ክፍት ቦታ ለዚህ ዓምድ አይሆንም፤ በመገለጫ ገጽ ላይ የተጻፈውን ሰው አንብቦ ይረዳዋል፣ እዚህ ግን ግሡን የሚያረባው ኮምፒውተሩ ስለሆነ ከአራቱ ውጭ የሆነ ቃል ምን እንደሚያደርገው አያውቅም። ክፍት መሆን ያለበት የማዕረጉ ዓምድ ነው። «አቶ፣ ወይዘሮ፣ ወይዘሪት» ብቻ የሚል ዝርዝር አንዲትን ሴት አገባሽ ወይ ብሎ የመጠየቅ ያህል ነው፤ በእኛ እድር ደግሞ ሐጂ፣ ቄስ፣ እማሆይ፣ መምህር የሚባሉ አባላት አሉ። አባሉ የሚወደውን ይጻፍ፣ ካልፈለገም ባዶ ይተወው።

«እናንተ» የገባው ያለ ምክንያት አይደለም። በእድራችን ብዙውን ጊዜ የሚመዘገበው ግለሰብ ሳይሆን ቤት ነው። ባልና ሚስት በአንድ ቁጥር ተመዝግበው ሳለ መልእክቱ ለባልየው ብቻ እንደተላከ ሆኖ ሲጻፍ፣ መዋጮውን በየወሩ የምታደርሰው ሚስት ከመዝገቡ የጠፋች ትመስላለች።

የቆየ ዝርዝር ወደ አዲሱ ሲዛወር አጠራርን ከስም መገመት አያስፈልግም። ደስታ፣ በረከት፣ ቃልኪዳን፣ ሲሳይ ወንድም ሴትም ይጠሩባቸዋል። ሁሉንም «እርስዎ» አድርጋችሁ አዛውሩና አባሉ ለክፍያ ሲመጣ «መልእክት ስንልክልዎ እንዴት እንድንጠራዎ ይፈልጋሉ?» ብላችሁ ጠይቁ። በእኛ ዘንድ ወጣቶቹ በአብዛኛው «አንተ» እና «አንቺ» መባልን መረጡ፤ «እርስዎ ስትሉኝ ያረጀሁ መሰለኝ» ያለችኝም አለች። ዝም ያለው በ«እርስዎ» ይቀጥላል፤ ምርጫው ማንኛውም ጨዋ ሰው የሚጠራበት ስለሆነም ስለ ባለቤቱ ለማንም የሚገልጸው ነገር የለም። በጾታ ዓምድ ላይ ከወንድና ከሴት ቀጥላ የምትጨመር «ሌላ» የምትል ሣጥን ግን በጥቂት ሰዎች ስም ላይ ምልክት ታኖራለች፤ የመዝገብ ቅጂ ከእጅ ወደ እጅ በሚዞርበት ሰፈር ይህ ቀላል ልዩነት አይደለም።

መልእክቱን መጻፍ

ከሁሉ የሚሻለው መልእክት አጠራር የማያስፈልገው ነው። ባለቤቱን ሰው ሳይሆን ነገሩን አድርጉት። «የሰኔ ወር መዋጮህን/ሽን አልከፈልክም/ሽም።» ከማለት «የሰኔ ወር መዋጮ አልደረሰንም።» ማለት ይሻላል። ጥቅሙ ለአክብሮት ብቻ አይደለም፤ በግዕዝ ፊደል የሚጻፍ አጭር መልእክት የሚይዘው 70 ምልክት ነው፣ ከዚያ ካለፈ በ67 በ67 እየተከፈለ እንደ ሁለትና እንደ ሦስት መልእክት ይቆጠራል። የመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር ከነክፍተቱ 27 ምልክት ሲወስድ ሁለተኛው 19 ብቻ ይወስዳል። ያቺ እዝባር (/) የምትባል ጭረት ዐይንንም ገንዘብንም ትበላለች።

ሰውን በቀጥታ መጥራት የግድ በሚሆንበት ጊዜ ለየአጠራሩ ሙሉ ዐረፍተ ነገር ጻፉ፤ ግሡን በቁራጭ ቀጥላችሁ ለማውጣት አትሞክሩ። «ክፍያህ ደርሶናል፣ ክፍያሽ ደርሶናል፣ ክፍያዎ ደርሶናል፣ ክፍያችሁ ደርሶናል» የሚለው ቀላል ነው፤ ግሥ ላይ ሲደረስ ግን ፊደሉ ራሱ ይለወጣል፣ «ክፈል» «ክፈይ» ይሆናል። ሜሴጅ ፎርማት የሚባለውን፣ ለየምርጫው አንድ ቅርንጫፍ የሚጻፍበትን የመልእክት አጻጻፍ የምትጠቀሙ ከሆነ «ሌላ» የሚለው ቅርንጫፍ ግዴታ ስለሆነ «እርስዎ»ን እዚያ አስቀምጡት። የዊኪፔዲያ ሶፍትዌር የሆነው ሚዲያዊኪ ደግሞ ተጠቃሚው ወንድ፣ ሴት ወይም ያልተገለጸ እንዲል ይፈቅዳል፣ ተርጓሚውም ሦስት ቅርጽ መስጠት ይችላል፤ ሁለት ብቻ ከሰጠ ግን ጾታውን ያልገለጸው ሁሉ የመጀመሪያው፣ ማለትም የወንዱ ቅርጽ ይደርሰዋል። ሦስተኛውን ቦታ ባዶ መተው ስንፍና ይመስላል እንጂ ውሳኔ ነው።

«እርስዎ» የራሱ ወጥመዶች አሉት። «ከፍለዋል» የሚለው ቃል እርስዎንም፣ እርሳቸውንም፣ እነርሱንም ሊያመለክት ይችላል፤ ስለዚህ በመልእክቱ መጀመሪያ አንድ ጊዜ «እርስዎ» ወይም የሰውየው ስም ይግባ፣ ካልሆነም ቅጥያው ይለየው፤ «ክፍያዎን ፈጽመዋል» እና «ክፍያቸውን ፈጽመዋል» አይምታቱም። ትእዛዙ «ይክፈሉ» ነው እንጂ «ክፈሉ» አይደለም፣ «ክፈሉ» የእናንተ ነው። «እርሶ» እና «ስሞን» የሚሉት አጻጻፎች በየማስታወቂያው ቢለመዱም ትክክሉ «እርስዎ» እና «ስምዎን» ነው።

በስክሪን ላይ ያሉ ቁልፎችም አይረሱ። «ግባ፣ ሰርዝ፣ አስቀምጥ» የሚሉት ለወንድ የተሰጡ ትእዛዞች ናቸው፤ ለምደናቸው አይታዩንም። «መግቢያ»፣ «መውጫ»፣ «ፍለጋ» የሚሉ ስሞች ይተኳቸዋል። «ማስቀመጫ» ግን የዕቃ መደርደሪያ ስለሚመስል «ያስቀምጡ» ማለቱ ይሻላል።

ስለ አባል ለሌሎች ሲጻፍ ምርጫው ይለያል። አንዲት አባል በትሕትና «አንቺ በሉኝ» ብትልም በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ «እርሷ» ብሎ መጻፍ አይገባም፤ ለሕዝብ በሚነበብ ጽሑፍ ሁሉ «እርሳቸው» ይሁን። የእድራችን ለፋፊ ይህን ከማንም ሶፍትዌር ቀድሞ ያውቀዋል፤ «ዐርፈዋል፣ ቀብራቸው ነገ በስድስት ሰዓት ነው» ሲል ሟቹ ማን እንደሆነ የሚነግረን ስሙ ነው እንጂ ግሡ አይደለም።

በዳርቻው ብዙ ጎረቤቶቻችን ኦሮምኛ ስለሚናገሩ መልእክቱ በሁለት ቋንቋ ሊላክ ይችላል። በኦሮምኛ «አቲ» ለወንድም ለሴትም አንድ ስለሆነ አራቱ አጠራሮች ሁሉ አያስፈልጉም፣ «ኢሲን» ደግሞ ለአክብሮትም ለብዛትም ያገለግላል። ትግርኛ ግን ተቃራኒው ነው፤ አክብሮቱ ራሱ «ንስኹም» እና «ንስኽን» ተብሎ በጾታ ስለሚከፈል የአማርኛው መላ እዚያ አይሠራም፤ ለትግርኛው ነገሩን ባለቤት ወደሚያደርገው ዐረፍተ ነገር መመለስ ያስፈልጋል።

ሥራው ሲያልቅ እያንዳንዱን መልእክት በአራቱም አጠራር ወደ ራሳችሁ ስልክ ልካችሁ ጮክ ብላችሁ አንብቡት። አባሉ ምርጫውን ሲለውጥ አዲሱ በአሮጌው ላይ ይጻፍ፣ የቀድሞው ታሪክ አይቀመጥ። በቤት ለተመዘገቡት ደግሞ የሞት መዝገቡ ከአጠራሩ ዓምድ ጋር መያያዝ አለበት፤ ከባልና ሚስት አንዱ ሲያርፍ «እናንተ» የሚለው በዚያው ቀን ወደ «እርስዎ» ይዙር፣ የሚቀጥለው ወር ማስታወሻ ለቀሩት ሰው «ክፍያችሁ» ብሎ እንዳይደርሳቸው።