በቤት የተሠራ የጊታር ፔዳል ሲጮህ፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ባለፈው ክረምት አንድ የሰፈራችን ወጣት በወተት ጣሳ ውስጥ የገጠመውን ፈዝ ፔዳል፣ ማለትም በእግር የሚረገጥ የጊታር ድምፅ ማሻከሪያ፣ ይዞልኝ መጣ። ሦስት ጊዜ ትራንዚስተር ቀይሯል፣ ሬዚስተሮቹን ነቅሎ እንደገና በይዷል። ፔዳሉ ግን ከአምፕሊፋየር ጋር ሲገናኝ እንደ ወፍጮ ያጉረመርማል። አዳፕተሩን ነቅዬ ባለ 9 ቮልት ባትሪ ሰጠሁት። ጸጥ አለ። ልጁ ሁለት ሳምንት የለፋበት ሰርኪዩት ምንም አልሆነም ነበር።

ከስህተቶች ሁሉ አድካሚው ይኸው ነው፤ ጩኸቱ በየት በኩል እንደገባ ሳይለዩ መበየጃ ማንሳት። ጩኸት ዓይነት አለው። የአገራችን መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ ወፍራምና ለስላሳ «እምምም» ከሰማችሁ አብዛኛውን ጊዜ ከግድግዳ ሽቦ ወይም ከትራንስፎርመር በአየር የገባ ነው። ሻካራ «ዝዝዝ» ከሆነ አዳፕተሩን ጠርጥሩ። ውስጡ ያሉት አራት ዳዮዶች (ኤሌክትሪክን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፉ) የሞገዱን ሁለቱንም ግማሽ ስለሚጠቀሙ ርግብግቡ 100 ኸርዝ ይሆናል፤ ርግብግቡን የሚያለሰልሰው ካፓሲተር ሲደክም ያ ሳይጣራ ያልፋል። «ሽሽሽ» ከሬዚስተርና ከትራንዚስተር ይመጣል። ቀጭን ፉጨት ደግሞ ወይ ከቻርጀር ነው፣ ወይ የፔዳሉ መውጫ ተመልሶ ወደ መግቢያው እየገባ ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ባትሪ ስጡት። ቀጥሎ የጊታሩን ቮሊየም ዝጉ፤ ጩኸቱ አብሮ ከጠፋ የመጣው ከጊታሩ ነው። ጊታሩን እንደያዛችሁ ወደ ጎን ዙሩ፤ ጩኸቱ ከፍ ዝቅ ካለ ፒክአፑ (ከክሩ ሥር ያለው ድምፅ ለቃሚ) የመብራቱን መግነጢስ እየለቀመ ነው፤ ፔዳሉን መፍታት ትርፉ ድካም ነው። ብዙ ሰው ደግሞ ገመዱን ነቅሎ በባዶ መግቢያ ያዳምጣል። ክፍት መግቢያ ጤነኛውን ፔዳል እንኳ ያስጮኸዋል። ያለ ጊታር ማዳመጥ ካስፈለገ መግቢያውን ከግራውንድ፣ ማለትም ከሰርኪዩቱ የጋራ መመለሻ መስመር፣ ጋር አገናኙት።

የስልክ ቻርጀር ሌላው ወጥመድ ነው። ባለ 5 ቮልቱን ቻርጀር ወደ 9 ቮልት ከሚያሳድግ ትንሽ ሰሌዳ ጋር መግጠም ርካሽ ስለሆነ ሁሉም የሚሮጠው ወደዚያ ነው። ነገር ግን ሁለቱም በሰከንድ ብዙ አሥር ሺህ ጊዜና ከዚያም በላይ እየበሩ እየጠፉ የሚሠሩ ናቸው። የአንዱ ፍጥነት ከሌላው ትንሽ ሲለይ ልዩነቱ በጆሮ የሚሰማ ፉጨት ይሆናል። እኔ የምመርጠው ከአሮጌ ሬዲዮ የተረፈውን፣ በእጅ ሲይዙት የሚከብደውን የብረት ትራንስፎርመር አዳፕተር ነው። 12 ቮልት የሚሰጥ ይሁን፤ ቀጥሎ ቮልቱን 9 ላይ የሚያረጋጋውን 7809 ግጠሙለት። ይህ ሬጉሌተር 9 ቮልት ለመስጠት ከሚያወጣው ቢያንስ 2 ቮልት ያህል በላይ መቀበል አለበት። ከዚያ በፔዳሉ የኃይል መግቢያ ላይ 100 ኦም ሬዚስተር በተከታታይ፣ 100 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ወደ ግራውንድ። ይህች ትንሽ ማጣሪያ ብቻዋን የ100 ኸርዙን ርግብግብ ወደ አንድ ስድስተኛ ገደማ ትቀንሰዋለች። አሮጌ አዳፕተር ጭነት ሳይኖርበት ከተጻፈበት በላይ ስለሚሰጥ የካፓሲተሩ ቮልት 25 ቢሆን ይሻላል። መብራት ጠፍቶ አምፕሊፋየሩን በኢንቨርተር ስታስነሱ አዲስ «ዝዝዝ» ከመጣ ደግሞ ፔዳሉን አትክሰሱ፤ ብዙዎቹ ርካሽ ኢንቨርተሮች የሚሰጡት ሞገድ ደረጃ ደረጃ ያለው ነው።

ከዚሁ ጋር የሚሄድ ትንሽ ስህተት አለ። አይሲ (ቺፕ) ያለበት ፔዳል 4.5 ቮልት መሐል ነጥብ ያስፈልገዋል፤ ሁለት 10 ኪሎ ኦም ሬዚስተሮች ይሠሩታል። ከመሐላቸው ወደ ግራውንድ 47 ማይክሮፋራድ ካልተደረገ የአዳፕተሩ ረብሻ ግማሹ በቀጥታ ወደ ድምፁ ይገባል።

አሁን ወደ ግራውንድ። የግራውንዱን ሽቦ ከቮሊየም ወደ ጃክ፣ ከጃክ ወደ ስዊች እያቀጣጠሉ መውሰድ የተለመደ ነው፤ ግን በአንዱ የሚያልፈው ኤሌክትሪክ ለሌላው ረብሻ ይሆንበታል። ሁሉንም አንድ ነጥብ ላይ ሰብስቡ። ሣጥኑም ራሱ ከግራውንድ ጋር ካልተገናኘ ከለላ አይሆንም። የወተት ጣሳን የምወደው ለዚህ ነው፤ ጣሳው ቲን የተቀባ ብረት ስለሆነ የብየዳ ሊድ በደንብ ይይዛል፣ አሉሚኒየም ግን እሺ አይልም። ቀለም ካለው በአሸዋ ወረቀት ፋቁት። የፕላስቲክ ምሳ ዕቃ ብቻ ካላችሁ ውስጡን በአሉሚኒየም ፎይል ሸፍኑና በብሎንና በሽቦ ከግራውንድ ጋር እሰሩት። ፎይሉ የሰሌዳውን ጀርባ እንዳይነካ በመካከል ካርቶን አድርጉ።

እዚህ ላይ ድምፄን ከፍ አድርጌ የምናገረው አንድ ነገር አለ። ጉምጉምታውን ለማጥፋት ብሎ የአምፕሊፋየሩን የኧርዝ ሽቦ (ወደ መሬት የሚወርደውን የጥበቃ ሽቦ) የሚቆርጥ ሰው አይቻለሁ። ጉምጉምታው ሊቀንስ ይችላል። ግን አምፕሊፋየሩ ውስጥ አንድ ሽቦ ተላቆ አካሉን ቢነካ 220 ቮልቱ በጊታሩ ክር በኩል በቀጥታ እጃችሁ ላይ ይመጣል። ሰው ይገድላል። በፍጹም አታድርጉት። ሶኬታችሁ ኧርዝ ከሌለው ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጠርታችሁ አስገጥሙ።

የመግቢያውንና የመውጫውን ሽቦ አብሮ መጠቅለል ለዓይን ያምራል፤ ፈዝና ዲስቶርሽንን ግን ያስጮኻል። ብዙ የሚያጎላ ፔዳል ከመውጫው ጥቂት እንኳ ወደ መግቢያው ከተመለሰለት ማፏጨት ይጀምራል። ሁለቱን በተለያየ ጎን አሳልፉ። መግቢያውን ከማይክሮፎን ገመድ በተቆረጠ ሼልድ (በሽቦ መረብ የተሸፈነ) ሽቦ ሥሩት፤ ሼልዱን በአንድ ጫፍ ብቻ ግራውንድ አድርጉት። ሬዲዮ ጣቢያ ከገባባችሁ ደግሞ መግቢያው ላይ 10 ኪሎ ኦም በተከታታይ፣ ከእሱ ቀጥሎ 100 ፒኮፋራድ ወደ ግራውንድ። ከ160 ኪሎ ኸርዝ ገደማ በላይ ያለውን ማዳከም ይጀምራል። የሰው ጆሮ ከ20 ኪሎ ኸርዝ አያልፍምና የጊታሩን ድምፅ አይነካውም።

ስለ «ሽሽሽ» እውነቱን ልንገራችሁ፤ ሙሉ በሙሉ አይጠፋም። ሬዚስተር ሁሉ በሙቀቱ ብቻ ይንሿሿል። ጆሯችን በሚሰማው ክልል፣ እስከ 20 ኪሎ ኸርዝ፣ ሲለካ 1 ሜጋ ኦም 18 ማይክሮቮልት ገደማ፣ 10 ኪሎ ኦም ደግሞ 1.8 ማይክሮቮልት ገደማ ይሰጣል። ስህተቱ ትልቁን ሬዚስተር ከማጉያው በፊት በድምፁ መንገድ ላይ በተከታታይ ማስቀመጥ ነው፤ ፔዳሉ መቶ እጥፍ ሲያጎላ ሹክሹክታውንም አብሮ ያጎላዋል። መግቢያ ላይ ከካርቦን ይልቅ ሜታል ፊልም ተጠቀሙ። ከመግቢያ ወደ ግራውንድ የሚወርደውን 1 ሜጋ ኦም ግን ይህን ሰምታችሁ እንዳትነቅሉት። እሱ ሲጎድል ስዊቹን በረገጣችሁ ቁጥር «ጧ» ይላል።

ጅማ የተወለደው ሙላቱ አስታጥቄ በ1960ዎቹ ዓ.ም. በሠራቸው ሙዚቃዎች የምንሰማውን «ዋ-ዋ» የሚል የጊታር ድምፅ ለማግኘት ዋዋ ፔዳል የሚሠሩ ልጆች ብዙ ናቸው። በዋዋ ውስጥ ያለው ጥቅል ሽቦ ራሱ መግነጢስ ይለቅማል። የአሉሚኒየም ሣጥን 50 ኸርዝ መግነጢስን አያቆመውም። መድኃኒቱ ርቀት ነው፤ አዳፕተሩን ከፔዳሉ ቢያንስ አንድ ሜትር አርቁት።

በመጨረሻ የከተማችን የጅማ ዝናብ። ከሰኔ እስከ መስከረም እርጥበቱ ጃክና ቮሊየም ውስጥ ይገባል፤ ቮሊየሙ ሲዞር «ክርክርክር» ይላል። ይህን የሰርኪዩት ብልሽት አድርጎ መቁጠር የየክረምቱ ስህተት ነው። የኮንታክት ማጽጃ ስፕሬይ ነፉበትና ሃያ ጊዜ ያህል ወዲያና ወዲህ አዙሩት፤ ጃኩን በአልኮል በተነከረ ጥጥ ጥረጉ። ፔዳሉን ስታስቀምጡ ከሲሚንቶ ወለል አንሡት።