ብሬስ ከማስደረግዎ በፊት፣ ከተፈታም በኋላ፦ ለአዳማ ታካሚዎችና ወላጆች

«ብሬስ እውነት ይሠራል?» የሚለውን ጥያቄ ልጄን ጥርስ በሚያስተካክለው በዚህ የሽቦ መሣሪያ ለማሳከም ከወሰንኩ ጀምሮ ከጎረቤትም ከሥራ ባልደረባም ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ። አጭሩ መልስ አዎ ነው። የተደራረቡ፣ የዞሩ ወይም ወደ ውጭ የወጡ ጥርሶች በዘርፉ በሠለጠነ ሐኪም ሲታከሙ በአብዛኛው ታካሚ ላይ በግልጽ የሚታይ ለውጥ ይመጣል። ይሁን እንጂ ይህን የምንለው ሁልጊዜ ብሬሱ የሚፈታበትን ቀን እያሰብን ነው። በአሜሪካ የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተሙት ጥናት፣ ጥርስ ተነቅሎላቸው በብሬስ የታከሙና ሪቴይነር (ብሬስ ከተፈታ በኋላ ጥርሱን በቦታው የሚይዘው መሣሪያ) ማድረግ ካቆሙ ቢያንስ 10 ዓመት የሆናቸውን 65 ሰዎች መርምረው፣ ከ3ቱ በ2ቱ ገደማ የታችኛዎቹ የፊት ጥርሶች ተቀባይነት በሌለው መጠን መልሰው ተዛንፈው አግኝተዋቸዋል። ስለዚህ እዚህ ላይ ስለ መሣሪያው ዓይነት ጥቂት ብቻ ብዬ፣ ከሕክምናው በፊት፣ በሕክምናው ወቅትና ከእሱ በኋላ በታካሚው እጅ ባለው ነገር ላይ እቆያለሁ።

በመጀመሪያ አሠራሩን ማወቅ ብዙ ጭቅጭቅ ያስቀራል። ጥርስ ከአጥንቱ ጋር የተያያዘው በቀጭን ጅማት ነው። ሽቦው ጥርሱን በቀስታ ሲገፋው፣ በሚሄድበት አቅጣጫ ያለው አጥንት እየሳሳ ቦታ ይለቅለታል፣ ትቶት በመጣው በኩል ደግሞ አዲስ አጥንት ይሠራል። ይህ የሰውነት ሥራ ስለሆነ የራሱ ፍጥነት አለው፤ ጥርስ በወር የሚጓዘው 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። «ዶክተር፣ ጠበቅ ያድርጉልኝና ቶሎ ይለቅ» የሚለው ልመና ስለዚህ አይረዳም። ከመጠን ያለፈ ጉልበት ጥርሱን ከማፍጠን ይልቅ ያቆመዋል፣ ሥሩንም ሊያሳጥረው ይችላል። ሙሉ ሕክምና አብዛኛውን ጊዜ ከ1 ዓመት ተኩል እስከ 2 ዓመት ይወስዳል፤ በ6 ወር ሁሉንም እጨርሳለሁ የሚል ሰው ካጋጠመዎ፣ ምን ምን እንደሚተው ቢጠይቁት መልካም ነው።

መቼ መሄድ እንዳለበት

የአሜሪካ ኦርቶዶንቲስቶች (የተዛነፈ ጥርስ የሚያስተካክሉ ልዩ ሐኪሞች) ማኅበር ልጆች 7 ዓመት ሳያልፋቸው አንድ ጊዜ እንዲታዩ ይመክራል። መታየት ማለት ግን መጀመር ማለት አይደለም። አብዛኛዎቹ ልጆች ሙሉ ብሬስ የሚደረግላቸው የወተት ጥርሶቻቸው ተነቃቅለው ሲያልቁ፣ ማለትም ከ11 እስከ 14 ዓመት ባለው ጊዜ ነው። ቀድሞ ማከም ዋጋ የሚያወጣባቸው ሁኔታዎች ጥቂት ናቸው። የታችኛው መንጋጭላ ከላይኛው ቀድሞ የወጣ ከሆነ ከ10 ዓመት በፊት መጀመሩ ይረዳል፤ ከዚያ በኋላ የላይኛውን መንጋጭላ ወደፊት መሳብ እየከበደ ይሄዳል። ገጣጣ ልጅ ላይ ግን ነገሩ ይለያል። በ8 ዓመቱ ተጀምሮ በሁለት ዙር የታከመ ልጅና እስከ 12 ዓመቱ ጠብቆ በአንድ ዙር የታከመ ልጅ መጨረሻቸው ተቀራራቢ ነው። ቀድሞ የመጀመሩ ዋና ጥቅም ልጁ ሲወድቅ የፊት ጥርሱ የመሰበር ዕድሉ መቀነሱ ነው። ኳስ ከእግሩ የማይለይ ልጅ ያለው ወላጅ ይህን ቢያስብበት ደግ ነው።

ልጅዎ 10 ዓመት ሲሞላው በላይኛው ድድ ላይ፣ ክራንቻው ወደፊት በሚወጣበት ቦታ፣ በጣት ሲዳሰስ እብጥ ያለ ነገር መኖሩን የጥርስ ሐኪም እንዲያይልዎ ያድርጉ። እብጠቱ ከሌለ ክራንቻው አጥንት ውስጥ አቅጣጫ ስቶ ሊሆን ይችላል፤ ቶሎ ከተደረሰበት የወተቱን ክራንቻ ነቅሎ መንገድ በመክፈት ብቻ ሊስተካከል የሚችል ነገር፣ ከዘገየ ቀዶ ሕክምናና ረጅም ጉተታ ይፈልጋል። በሕፃንነቱ ግግ የወጣለት ልጅ ከሆነ ደግሞ ይህን ለሐኪሙ ሳይጠየቁ ይንገሩ። ተቅማጥና ትኩሳት ያመጣል ተብሎ ከድድ ውስጥ ተፈልፍሎ የሚወጣው «ትል» ገና ያልበቀለ ጥርስ ነው፤ አብሮትም ከሥሩ ያለው የቋሚው ጥርስ እንቡጥ ሊጎዳ ይችላል። እንዲህ ያለ ታካሚ ክራንቻው ጭራሽ ላይኖር፣ ቢኖርም ቅርጹ የተበላሸ ሊሆን ስለሚችል የሕክምናው ዕቅድ ከሥሩ ይለወጣል።

የአዳማ ውኃና የአዳማ ጥርስ

ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ያደግን ሰዎች ጥርሳችን ብዙ ጊዜ ነጭ ጭረት ወይም ቡናማ ጠቃጠቆ አለበት። ምክንያቱ በጉድጓድ ውኃ ውስጥ ያለው ፍሎራይድ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውኃ ያስቀመጠው ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ሲሆን፣ በሸለቆው ያሉ ብዙ ጉድጓዶች ይህን በእጅጉ ያልፋሉ። በአቅራቢያችን ባለው በወንጂ የስኳር እርሻ ሠራተኞች ላይ ፍሎራይድ በጥርስ ብቻ ሳይሆን በአጥንትም ላይ ያደረሰው ጉዳት ከአሥርት ዓመታት ጀምሮ ሲጠና ቆይቷል። ጥርስ የሚጎዳው ገና ድድ ውስጥ ሆኖ በሚሠራበት የልጅነት ዘመን ነው፤ አዋቂ ሰው ያንኑ ውኃ ቢጠጣ ጥርሱ አይጠቃጠቅም።

ይህ ከብሬስ ጋር ምን ያገናኘዋል? ብራኬት፣ ማለትም ሽቦውን የሚይዘው ትንሽ ቁራጭ፣ ጥርስ ላይ የሚጣበቀው ሐኪሙ የጥርሱን ገጽ በአሲድ ለአጭር ጊዜ አሻክሮ፣ አጥቦና አድርቆ ሙጫውን ካስገባበት በኋላ ነው። ፍሎራይድ ያጠቃው ገጽ ደግሞ አሲዱን ይቋቋማል። የልጄ ብራኬት ሲለጠፍ አጠገቧ ቆሜ ነበር። ሐኪሟ አሲዱን አጥባ በአየር ስታደርቀው ሌሎቹ ጥርሶች ጠመኔ እንደተቀቡ ነጭና ፈዛዛ ሆኑ፤ ሁለቱ የፊት ጥርሶች ግን እንዳብለጨለጩ ቀሩ። «ይኼ አልያዘም» ብላ እነሱን ብቻ ደገመቻቸው። ያን ቀን የተደገሙት ሁለቱ እስከ መጨረሻው አልወለቁም። ስለዚህ አዲስ አበባ ሄደው የሚታከሙ ከሆነ የት እንዳደጉ ይናገሩ፤ የሸለቆ ሰው በማያዘወትርበት ክሊኒክ ያለ ሐኪም ጠቃጠቆውን ተራ ብልዝ አድርጎ ሊያየው ይችላል። ጠቃጠቆውን ማንጣት ከፈለጉም ብሬሱ ከተፈታ በኋላ ይሁን፤ ቀድመው ካነጡት ብራኬቱ የነበረበት ቦታ የተለየ ቀለም ይዞ ሊቀር ይችላል።

ከመስማማትዎ በፊት የሚጠየቅ

ሐኪሙ ኦርቶዶንቲስት ነው ወይስ ጠቅላላ የጥርስ ሐኪም? ኦርቶዶንቲስት ከጥርስ ሕክምና ዲግሪው በኋላ አብዛኛውን ጊዜ 3 ዓመት ያህል በዚህ ብቻ የሠለጠነ ነው። በተለይ ችግሩ የመንጋጭላ አጥንት ከሆነ ይህ ልዩነት በውጤቱ ላይ ይታያል። ራጅ፣ ፎቶና የጥርስ ቅርጽ (የጥርሶቹን አምሳያ) ሳይወስድ በዓይን አይቶ ብቻ ዋጋ የሚነግርዎ ካለ አይጀምሩ። የጥርሱ ቅርጽና ፎቶው ለእርስዎም ማስረጃ ነው። ባለሙያዎች ፓር በሚባለው መለኪያ ከሕክምና በፊትና በኋላ ያለውን ቅርጽ ነጥብ ሰጥተው ሲያወዳድሩ፣ የመዛነፉ ነጥብ ቢያንስ በ30 በመቶ ካልቀነሰ ተሻሽሏል አይሉም፤ የመነሻው ቅርጽ ከሌለ ግን የሚወዳደር ነገር የለም።

ጥርስ መነቀል አለበት ከተባሉ ምክንያቱን በጥርሱ ቅርጽ ላይ እንዲያሳይዎ ይጠይቁ። መነቀል በራሱ ስህተት አይደለም፤ ቦታ በሌለበት አፍ ሁሉንም ጥርስ ለማሰለፍ መሞከር ጥርሶቹን ከአጥንታቸው አልፈው ወደ ከንፈር እንዲገፉ ያደርጋል። ብራኬት ሲወልቅ ስንት እንደሚከፈልና ሪቴይነር በዋጋው ውስጥ መኖሩንም አስቀድመው ይስማሙ፤ እኔ ይህን ሳልጠይቅ ቀርቼ መጨረሻ ላይ ያላሰብኩትን ሂሳብ ከፍያለሁ።

የሚፈልጉትንም በግልጽ ይናገሩ። ሐኪም በመማሪያው እንደተጻፈው ክፍተትን ሁሉ ሊዘጋ ይችላል፤ በእኛ ዘንድ ግን ፍንጭት ውበት ነው። እናቷንና አያቷን የመሰለች ፍንጭት ልጅ «ፍንጭቴ ይቆይልኝ» ብትል ይህን ዕቅዱ ውስጥ ማስገባት ይቻላል። ከተዘጋ በኋላ ከሚቆጭ አስቀድሞ መናገር ይሻላል።

ስለ መሣሪያው የምለው ይህን ብቻ ነው። ሽቦውን በራሱ መዝጊያ የሚይዘው ውድ ብራኬት ሕክምናውን ያፋጥናል ሲባል ቆይቶ፣ ጥናቶች ከተለመደው የተለየ ጥቅም አላገኙበትም። በሽቦ ፈንታ ጥርስ ላይ የሚጠለቀው፣ የሚወልቀው ግልጽ ፕላስቲክ ለቀላልና ለመካከለኛ መዛነፍ ይሠራል፤ ግን በቀን ከ20 እስከ 22 ሰዓት አፍ ውስጥ መቆየት አለበት፣ ቡና በተጠጣ ቁጥር ወጥቶ ሶፋ ላይ የሚረሳ ከሆነ ገንዘቡ ባክኗል።

በሕክምናው ወቅት

ሕክምናን ከሚያራዝሙ ነገሮች ዋናዎቹ የቀረ ቀጠሮና የወለቀ ብራኬት ናቸው። የመጀመሪያው አዲስ አበባ ለሚታከም የአዳማ ሰው ቀላል ነገር አይደለም፤ በፈጣን መንገዱ ቢኬድም አንድ ሙሉ ቀንና የደርሶ መልስ ሂሳብ ይወስዳል። ቀጠሮውን ከፈተና ሳምንት ጋር እንዳይጋጭ የትምህርት ቤቱን ካላንደር ይዞ ሄዶ የሦስት ወሩን አንድ ላይ ማስያዝ እኛን ጠቅሞናል።

ሁለተኛው ጠላት የምንወደው ምግብ ነው። ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ የተጠበሰ በቆሎ፣ አጥንት መጋጥ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ሸንኮራ አገዳ። ልጄ ከወንጂ የመጣ አገዳ በጎን ጥርሷ ልጣ አንዱን ብራኬት አላቀቀችው። ፈተና ላይ ስለነበረች ሦስት ሳምንት ዘገየን፤ በዚያ ጊዜ ሽቦው ያልያዘው ጥርስ ዞሮ ጠበቀን፣ እሱን ለመመለስ ሁለት ተጨማሪ ወር ፈጀ። ፍርፍር፣ ሽሮ፣ ገንፎ፣ ዓሣ ያለ አጥንቱ፣ ፍራፍሬም በቢላ ተቆራርጦ ችግር የለውም። ጫት ያለ ስኳርና ያለ ለስላሳ የማይሆንለት ሰው ደግሞ ብራኬቱ ዙሪያ የሚቀረው ነጭ ነጥብ እንደማይለቅ ይወቀው። ያ ነጥብ የመቦርቦር መጀመሪያ ነው፣ አንዳንዴም በ1 ወር ውስጥ ይታያል።

ብሩሹን ከብራኬቱ በላይና በታች እያዘነበሉ፣ ፍሎራይድ ባለው ሳሙና በቀን ሁለት ጊዜ ይቦርሹ። ጥርሱ በውኃው ፍሎራይድ ተጠቃጥቆ ሳለ ለምን ፍሎራይድ ይጨመርበታል የሚሉ አሉ፤ በቅሎ ያለቀውን ጥርስ የሚተፋ ሳሙና አያጠቃጥቀውም፣ ከመቦርቦር ግን ይጠብቀዋል። መፋቂያ ለፊቱ ገጽ ያገለግል እንጂ ሽቦው ሥር አይገባም። ከላይኛው ብራኬት ወደ ታችኛው የሚወጠር ላስቲክ ከታዘዘ በታዘዘው ሰዓት ልክ ይደረግ፤ ላይና ታች እንዲገጥም የሚያደርገው እሱ ስለሆነ፣ ላስቲኩን የማያደርግ ታካሚ ቀጥ ያሉ ግን የማይገጣጠሙ ጥርሶች ይዞ ሊጨርስ ይችላል።

አዋቂም በዚህ መንገድ ይታከማል። ድዱ የሚደማ ወይም ጥርሱ የሚነቃነቅ ከሆነ ግን መጀመሪያ ድዱ ይታከም፤ በተቆጣ ድድ ላይ ጥርስ ማንቀሳቀስ የቀረውን አጥንት ያስጨርሳል።

ከተፈታ በኋላ

ብሬሱ በተፈታበት ቀን ጥርሱ ገና አልረጋም፤ የተጎተቱት የድድ ጅማቶች ወደ ነበሩበት ሊመልሱት ይስባሉ፣ የዞረን ጥርስ በተለይ። ከዚያም ባሻገር የታችኛዎቹ የፊት ጥርሶች ብሬስ ባላደረገ ሰው ላይ እንኳ ከዕድሜ ጋር እየተጠጋጉ ይሄዳሉ። ከኋላ ዘግይቶ የሚበቅለው መንጋጋ ነው የሚገፋቸው ተብሎ ለዚህ ብቻ ማስነቀል ግን ማስረጃ የለውም። ሪቴይነር ስለዚህ ለጥቂት ወር የሚደረግ ነገር አይደለም፤ ሐኪሙ ባዘዘው መጠን ተጀምሮ በኋላ ሌሊት ሌሊት ብቻ፣ ጥርሱ ቀጥ ብሎ እንዲቆይ እስከተፈለገ ድረስ ይቀጥላል። ከጥርሱ ጀርባ የሚለጠፍ ቀጭን ሽቦ ለረሺ ሰው ይሻላል፣ ሳይታወቅ በአንድ በኩል እንዳይላቀቅ ግን በየ6 ወሩ ይታይ።

የሚወልቀው ሪቴይነር በፈላ ውኃ አይታጠብ፣ ይጣመማል። ምግብ ቤት ውስጥ በሶፍት ጠቅልለው ጠረጴዛ ላይ አያስቀምጡት፤ አስተናጋጁ ከትርፍራፊው ጋር ይጠርገዋል። ጥቂት ቀን ረስተው ሲያስገቡት ከጠበቀ በዚያው ሌሊት ጀምረው ያድርጉት፣ በጥቂት ቀናት ይለቃል። ጭራሽ አልገባ ካለ ግን በግድ አይጫኑት፤ በማግስቱ ሐኪሙ ጋ ደውለው ቀጠሮ ይያዙ።