አንድ ሰርቨር፣ ብዙ የሞይንሞይን ዊኪዎች፦ ሁሉም አድራሻ ያንኑ ዊኪ ሲከፍት

አፓቼ (ድረ ገጽ የሚያወጣው ፕሮግራም) እና ሞድ ደብሊውኤስጂአይ (አፓቼን በፓይተን ከተጻፈ ፕሮግራም ጋር የሚያገናኘው) በትክክል ተጭነዋል፣ የዶሜይን ስሞቹም ወደ ሰርቨሩ ያመለክታሉ ብዬ እነሣለሁ። በሞይንሞይን 1.9 (ተጠቃሚዎች ራሳቸው ገጽ የሚጽፉበትንና የሚያርሙበትን ድረ ገጽ፣ ማለትም ዊኪን፣ በሚያስኬደው ሶፍትዌር) ብዙ ዊኪዎችን ለሚያስተዳድር ሰው ደጋግሞ የሚመጣው ችግር አንድ ነው፤ የትኛውም አድራሻ ቢጻፍ ያው ዊኪ ይከፈታል።

በቅድሚያ ከገጹ አናት ላይ ያለውን የዊኪውን ስም ይመልከቱ። ስሙም ይዘቱም የሌላው ዊኪ ከሆነ፣ ስህተቱ ፋርምኮንፊግ በሚባለው ፋይል ውስጥ አድራሻን ከዊኪ የሚያዛምደው ዝርዝር ላይ ነው። ሞይንሞይን ዝርዝሩን ከላይ ወደ ታች አንብቦ መጀመሪያ የገጠመለትን ይወስዳል፤ የቀረውን አያይም። አብሮ የሚመጣው ናሙና ማንኛውንም አድራሻ የሚቀበለውን «.*» ስለያዘ፣ ብዙዎች የራሳቸውን መስመሮች ከሥሩ ደርድረው ሲጨነቁ ያድራሉ። መስመሩን ያጥፉት፤ ከዚያም አፓቼን ሪስታርት ያድርጉ። ይህን ሳያደርጉ «አስተካክዬው እንቢ አለኝ» የሚሉኝን መቁጠር ትቻለሁ።

ስሙ ተለውጦ ይዘቱ ያው ከሆነ ግን ነገሩ ይከብዳል። የአንዱን ዊኪ ኮንፊግ (የቅንብር ፋይል) ገልብጠው ስሙን ሲቀይሩ የዳታ ዲር መስመሩን፣ ማለትም የዊኪው ገጾች የሚቀመጡበትን ፎልደር የሚጠቁመውን፣ ረስተውታል ማለት ነው፤ ሁለቱ ዊኪዎች በአንድ ፎልደር ውስጥ እየጻፉ ነው። በአንድ መሥሪያ ቤት ሁለት ክፍሎች ሦስት ሳምንት እንዲህ ቆይተው፣ አንደኛው የመነሻ ገጹን ጠዋት ሲያስተካክል ሌላኛው «ቫይረስ ገባብን» እያለ ከሰዓት ሲመልሰው ደረስኩ፤ የገጹ ቅጂ ቁጥር 00000041 ደርሶ ነበር። እንዲህ ሲገጥም አፓቼን ያቁሙ፣ ፎልደሩን ባክአፕ ያድርጉ፣ ለሁለተኛው ዊኪ የራሱን ዳታ ዲር ይስጡ። ገጾቹን በዓይን ለመለየት አይሞክሩ፤ ሞይንሞይን የአማርኛ ርዕስን ዲስክ ላይ የሚያስቀምጠው በቅንፍ ውስጥ ባለ ኮድ ስለሆነ አንድም ፊደል አይታይም። ማን፣ መቼ፣ የትኛውን ገጽ እንደነካ የሚመዘግበው የኤዲት ሎግ ፋይል ይሻላል፤ እኔም የለየሁት በእርሱ ነው። ባክአፕ ሳይዙ አንድም ፎልደር አያንቀሳቅሱ።

ገጹ ያለ ቀለምና ያለ ቅርጽ ከመጣ የስታቲክ ፋይሎች (ለገጹ መልክ የሚሰጡት ፋይሎች) መንገድ ተሳስቷል።

ርዕስ ዲስክ ላይ በሚቀመጥበት በዚያ በቅንፍ ውስጥ ባለ ኮድ እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል 6 ምልክት ስለሚወስድና የፋይል ስም በሊኑክስ ከ255 ባይት ስለማያልፍ፣ 43 ፊደል ያለው ርዕስ አይቀመጥም።

ዳታው አልጻፍ ካለ የፎልደሩን ባለቤትነት አፓቼ ለሚሠራበት ተጠቃሚ ይስጡ። ፎልደሩን ለሁሉም ክፍት የሚያደርገውን የፈቃድ ቁጥር 777 የሚመክርዎትን ሰው አይስሙ፤ ዳታ ዲሩንም ድረ ገጹ በቀጥታ ከሚያወጣው ፎልደር ውስጥ ፈጽሞ አያስቀምጡ፤ የተጠቃሚዎች የይለፍ ቃል መዝገብ ያለው እዚያው ነው።